ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ

ወላይታ ሶዶ፣ መጋቢት 12 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ ለብሩክታይት ቦልቴ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የጌታ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ። የዚያን አገር ብርድ የሚችል ጉልበት ይስጥሽ። እኔ የአክስትሽ ልጅ ሚልክያስ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አባባም ደህና ናቸው። ዱቦ ሆስፒታል ወስጄ ዓይናቸውን አሳይቻቸው ጠብታ ታዘዘላቸው፤ ፊደል ግን ከእንግዲህ አይለይላቸውም። ስለዚህ ደብዳቤሽን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ትንሽ ፈጠን ካልኩ «ቀስ በል፤ ልጄ እንዲህ ተቻኩላ አትናገርም» ብለው ይቆጡኛል።

አሁን ወደ ወሬው ልግባ። በጽሕፈት ቤታችን የሕዝብ ውይይት አስተባባሪ ሆኜ ተመድቤያለሁ። አዲስ አዋጅ ወጥቷል፤ ትልቅ ግንባታ ከመፈቀዱ በፊት የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አስተያየት መስጠት አለበት ይላል። የመጀመሪያው ውይይት ደግሞ የት መሰለሽ? እናንተው ደጅ! አንድ ባለሀብት ዱቡሻውን ጠይቋል። አዎ፣ አንቺ ገመድ የዘለልሽበትን፣ ሽማግሌ የተጣላ የሚያስታርቅበትን፣ ለቅሶ የምንቀመጥበትን ያንን ሜዳ። ባለ አምስት ፎቅ ሆቴል ከነስብሰባ አዳራሹ ልሥራበት ብሏል። አባባ ይህን ሲሰሙ «ሜዳው ራሱ የስብሰባ አዳራሽ አይደለም እንዴ? ጣሪያ ስለሌለው ነው?» አሉ። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ።

አንቺ የምትሠሪው ማዘጋጃ ቤት ስለሆነ እዚያ ይህን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት ጽፈሽ ላኪልን። እንደ ሠለጠነው ሰው አድርጌ ልመራው አስቤያለሁ። ደግሞ አደራሽን፣ አንድ ከረባት ላኪልኝ። የአገሩ ሰው በሙሉ ሊያየኝ ነው።

ዕድሜሽን ያርዝመው።
ወንድምሽ ሚልክያስ



ከእንግሊዝ አገር፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሚልክያስ፤

ጤናና ሰላም ለአንተ፣ ለአባባ፣ ለጎረቤቱም ሁሉ። ከረባቱን ወደ አዲስ አበባ በምትሄድ ልጅ እጅ ልኬልሃለሁ። ሰማያዊ ነው፤ ቀዩ ካድሬ ያስመስልሃል ብዬ ተውኩት።

መጀመሪያ ለአባባ የማታነበውን ልንገርህ። የምሠራው ማዘጋጃ ቤት ነው ማለቴ ውሸት አይደለም። ሥራዬ ግን ወንበር መደርደር፣ ሻይ ማቅረብና አዳራሽ መጥረግ ነው። አባባ «ልጄ እዚያ ኃላፊ ናት» እያሉ ለሰው ሲያወሩ ዝም ያልኩት ደስ ስላላቸው ነው። አንተም ዝም በል። ከዚህ በታች ያለውን አንብብላቸው።

ባለፈው ወር እኛ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ክርክር ነበር። አንድ ኩባንያ ከከተማው ጫፍ ባለ ረግረግ ሜዳ ላይ ትልቅ ሱቅ ልሥራ ብሏል። ነገሩን እንዲያይ የተሾመው ሰው የከተማው ሰው አይደለም። ከሩቅ ነው የመጣው፤ ምሳውንም ከኩባንያው ጠበቆች ጋር አይበላም፣ ከነዋሪውም ጋር አይበላም፤ ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ይመጣና ብቻውን ይበላል። እኔ መጀመሪያ ኩሩ መስሎኝ ነበር። ለካ ወጉ ነው።

አንድ ሽማግሌ ተነሡና ስለ እንቁራሪት ተናገሩ። እውነቴን ነው፣ ስለ እንቁራሪት! ግማሽ ቀን ተናገሩ። በጸደይ ወዴት እንደምትሄድ፣ የት እንደምትወልድ። እኔ ከኋላ ሻይ ይዤ ቆሜ ሳቄን መቻል አቃተኝ። ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ ይጽፋል። ሽማግሌው ዝም ሲሉ ቀና ብሎ «ጨርሰዋል?» አላቸው። «አልጨረስኩም» አሉት። «እሺ፣ ይቀጥሉ» ብሎ ብዕሩን አነሣ። ሁሉንም እንደዚያ ነው የሚጠይቀው። ጨርሻለሁ ሳይል ማንንም አያስቀምጥም። በመጨረሻም ቦት ጫማ አድርጎ ሜዳውን በእግሩ ዞረው።

ውሳኔው ገና አልተሰማም፤ ወራት ይፈጃል ይላሉ። ሚልክያስ፣ ይህ እኛ ጋ ቢሆን ብዬ ተመኘሁ። አባባ ስለ ዱቡሻው ግማሽ ቀን ሲናገሩ፣ አንተ ደግሞ «ጨርሰዋል?» ስትላቸው ታየኝ።

እናቴ ሞታ የተለቀሰላት እዚያ ነው። አደራ።

እህትህ ብሩክታይት



ሶዶ፣ ግንቦት 8 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለተወደድሽው እህቴ፤

ሰላምታዬ እንደ ክረምት ዝናብ ይብዛልሽ። ከረባቱ ደርሶኛል፤ አንገቴ ላይ ሲያዩት አባባ «ይሄ ልጅ የሚታሰርበትን ራሱ ለምኖ አስመጣ» ብለው ቀለዱብኝ።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ደግሜ አንብብ አሉኝ። በሚቀጥለው እሑድ ብመጣ ቤቱ ጎረቤት ሞልቶታል፤ ለካ የእንቁራሪቱን ነገር ሰምተው ነው። አንጁሎ «እንቁራሪት ግማሽ ቀን ከተሰጣት እኔ የአባቴ ለቅሶ ለተቀመጠበት ሜዳ ቀኑን ሙሉ ይገባኛል» ብሎ ፎከረ። እትዬ ፋንታዬማ ልምምድ ጀምራለች። ድንች ስትልጥ እንኳ ለብቻዋ ትናገራለች አሉ። ባሏ ሲሞት ሦስት ቀን ዱቡሻው ላይ የተቀመጠላትን ሰው፣ ከባሏ ወንድሞች ጋር በመሬት ስትጣላ እዚያው ተቀምጠው ያስታረቋትን ሽማግሎች፣ ሁሉንም ልትናገር ነው። በወላይትኛ ትናገራለች፤ እኔ ፕላኑን ለሚያቀርቡት የባለሀብቱ መሐንዲሶች ወደ አማርኛ እመልስላታለሁ። አባባ «ተራችሁን ጠብቁ፤ ሚልክያስ ሁላችሁንም ያስጨርሳችኋል» አሏቸው።

በእኔ በኩል ትንሽ ነገር አለ። ቀኑን ኃላፊያችን ለውጦት ተበላ ከተማ ገበያ በሚውልበት ቀን ላይ አደረገው። ነጋዴ ሴቶቹ በዚያ ቀን እንደማይገኙ ነገርኩት። «ሥራ የሚያንሰው ይምጣ» አለኝ። ደግሞ ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ከዞን እንግዶች አሉ። እኔ ግን እችለዋለሁ። አንቺ አታስቢ።

ወንድምሽ ሚልክያስ



ሶዶ፣ ሰኔ 4 ቀን 2001 ዓ.ም.

ይድረስ ለክብርት እህቴ ለወይዘሮ ብሩክታይት ቦልቴ፤

በሰማይና በምድር ጌታ በእግዚአብሔር ስም ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቸሩ አምላክ ከክፉ ነገር ሁሉ ይሰውርሽ፣ የሥራሽን ፍሬ ያሳይሽ፣ ለአገርሽም በሰላም ያብቃሽ።

ስለ ውይይቱ ለመግለጽ ያህል፣ ውይይቱ ነዋሪው በስፋት በተገኘበት በሰላም ተጠናቋል። በመጨረሻም አባባ መርቀዋል። ሁሉም አሜን ብሏል።

ዝናቡ ዘንድሮ ጥሩ ነው። ሌላ ለጊዜው የለም።

አክባሪሽ ሚልክያስ



ከእንግሊዝ አገር፣ ሐምሌ 3 ቀን 2001 ዓ.ም.

ለሚልክያስ፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ደብዳቤህ ደረሰኝ። ሰላምታው ከወሬው በለጠ። ከመቼ ወዲህ ነው ለአንተ ወይዘሮና ክብርት የሆንኩት? በልጅነትህ ጆሮህን የጎተትኩህ እኔ ነኝ።

አባባ መረቁ አልከኝ። ደስ ይለኝ መስሎኝ ነበር፤ አልለኝም። እንቅልፍም ነሣኝ። የመረቁት ከተናገሩ በኋላ ነው ወይስ ሳይናገሩ? ፋንታዬ ምን አለች? አንጁሎስ? መሐንዲሶቹ ሲሰሙ ምን መለሱ? ሜዳውን በእግሩ የዞረ ሰው አለ? እያንዳንዱን ጻፍልኝ። እኔ ስለ እንቁራሪት ሁለት ገጽ ጽፌልሃለሁ፤ አንተ ስለ ሰው ሁለት መስመር አትንፈገኝ።

ብሩክታይት



ከእንግሊዝ አገር፣ ነሐሴ 21 ቀን 2001 ዓ.ም.

ሚልክያስ፤

እግዚአብሔር ይይልህ ልል ነበር፤ አባባ እንዲህ ያለ ቃል ከአፋችን እንዳይወጣ ስላሳደጉን ትቼዋለሁ።

ብጠብቅ ብጠብቅ ስላልጻፍክ ፋንታዬ ጋ ደወልኩ። ዱቡሻው በቆርቆሮ መታጠሩን ነገረችኝ። «አንቺስ ምን ተናገርሽ?» አልኳት። «እኔ እኮ ገና ቆሜ ነበር» አለችኝ። ይህችን ብቻ። ደግማ ደጋግማ «ገና ቆሜ ነበር» አለች።

ቀጥሎ ያለችኝ ግን ባሰብኝ። «አንቺም ከዚያው ማዘጋጃ ቤት ሆነሽ፣ በእናንተ አገርም እንዲህ ነው የሚደረገው ብለሻል አሉ፤ የሠለጠነ አገር ኃላፊ ካለ እኛ ምን እንላለን ብዬ ነው የተውኩት» አለችኝ። የምደውለው ከመጥረጊያ ዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ውስጥ ነበር። ቆሜ ባልዲዬን አየሁት። ሀፍረቴ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አልበቃ አለኝ። በእኔ ስም ምን ተናገርክ? በአባቴስ አፍ?

ብሩክታይት



ሶዶ፣ መስከረም 24 ቀን 2002 ዓ.ም.

እታለም፤

ሰላም ልልሽ አፈርኩ። ግን ሰላም ይሁንልሽ።

ይህን ደብዳቤ ስንት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ቢሮ አልጻፍኩትም፤ ቢሮ የምጽፈው ሁሉ እንደ ሰኔው ደብዳቤ ነው የሚሆንብኝ። እንደሆነው ልንገርሽ።

የዚያን ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ተበላ ገበያ የሚወጡት ሴቶች እንኳ ገበያውን ትተው መጥተዋል። አባባ የፊተኛው ወንበር ላይ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። መሐንዲሱ ካርታ ሰቅሎ ብዙ ተናገረ። በካርታው ላይ ዱቡሻው ነጭ ነው፤ ምንም የሌለበት ባዶ ቦታ። አባባ «ምን ይላል?» ሲሉኝ «ባዶ ነው ይላል» አልኳቸው። ሳቅ ብለው «ጠብቀው፤ እንነግረዋለን» አሉ።

ከዚያ ኃላፊው ራሱ ያዘጋጃቸው ሰዎች ተነሥተው ልማት ልማት አሉ። እነሱን አስጨረስኳቸው። ቀጥሎ አንጁሎ እጁን አወጣ፣ እትዬ ፋንታዬ ተነሣች፣ አባባም ዱላቸውን ከፍ አደረጉ። የዚያን ጊዜ ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ተጠግቶ «ዝጋው። እንግዶቹ ደርሰዋል» አለኝ። «ሰዎች ቀርተዋል እኮ» አልኩት። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ። ሰኞ ግምገማ አለ፤ ፀረ ልማቱን ማን እንዳሰለፈው እዚያ ትነግረናለህ» አለኝ።

ፈራሁ፣ እታለም። ሌላ ስም የለውም። ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ እንጀራዬ፣ ሁሉ ባንዴ ዓይኔ ላይ መጣ። ስብሰባው ተዘግቷል ብል ሕዝቡ እንደሚጮህ አውቃለሁ። መጀመሪያ ያንቺን ስም አነሣሁ። «እህቴ ብሩክታይት እንግሊዝ አገር ማዘጋጃ ቤት ኃላፊ ናት፤ እዚያም የሚደረገው ይኸው ነው፣ ባለሙያ ያስረዳል፣ ሕዝብ ይቀበላል» አልኩ። ወንበር እንደምትደረድሪ እያወቅሁ፤ የጻፍሽልኝም ተቃራኒውን እንደሆነ እያወቅሁ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ሰዉ ግን አልተቀመጠም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መሐንዲሱ አያውቀውም፣ ኃላፊውም አያስበው ነበር። እኔ ግን እናንተ ቤት ያደግሁ ልጅ ስለሆንኩ አውቃለሁ። እኛ ጋ ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ ነገር አይነሣም። አሜን የተባለበትን ማንም አይከፍተውም።

ወደ አባባ ዞርኩ። ዱላቸው አሁንም እንደተነሣ ነው። በወላይትኛ «አባባ፣ እስቲ ይመርቁን» አልኳቸው።

ምን ይበሉ? ሽማግሌ መርቅ ሲባል እንቢ አይልም። ነገር ሲከር ለማብረድ መሐል ላይም ይመረቃል፤ ያ መስሏቸዋል። ንግግራቸውን ትተው ተነሡ። ዱላቸውን ለአንጁሎ ሰጡ። ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ዝናብ ይዝነብ፣ ልጅ ይደግ፣ ከብት ይርባ፣ ዛሬ የተነገረው ለበጎ ይሁን አሉ። ሰዉ ሁሉ መዳፉን ከፍቶ አሜን አለ። እኔም አልኩ።

ከዚያ ኃላፊው አጨበጨበ። ለስላሳ ታደለ። አባባ ዱላቸውን ተቀብለው ሊናገሩ ሲዘጋጁ ሰዎቹ እየወጡ ነበር። ፋንታዬ ብቻ ቆማ «እኔ አልተናገርኩም እኮ» ስትል አሮጊቶቹ ነጠላዋን ጎተቷት፤ «ዝም በይ፣ ሽማግሌ ከመረቀ በኋላ?» አሏት።

ኃላፊው ለዞን እንግዶች «የአገር ሽማግሎች ፕሮጀክቱን መርቀውታል» አላቸው። ግምገማው ላይም ተመሰገንኩ።

ቆርቆሮው የመጣ ቀን አባባ ወጥተው «ምን ልትሠሩ ነው?» ቢሏቸው፣ አናጢው «አባቴ፣ እርስዎ የመረቁትን ነው» አላቸው። ማታውኑ አስጠሩኝ። «ያን ቀን የመረቅሁት ምን ነበር?» አሉኝ። «ስብሰባውን ነው» አልኳቸው። «ስብሰባው አልቆ ነበር እንዴ?» አሉኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ሽማግሌ የመረቀውን አይመልስም። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብዳቤ እንዳነብላቸው አይፈልጉም። የነሐሴውን የፋንታዬ ልጅ ናት ያነበበችላቸው። ያን የጻፍሽልኝን በራሴ አፍ ላነበው ስላልቻልኩ፣ የባልዲሽን ነገር እንድትዘለው አደራ ብዬ እሷ ቤት ትቼው ነበር።

የአዲስ ዓመታችንን የጊፋታን ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ዮዮ ጊፋታ እየተባለ ዘመድ ሁሉ እንደ ልማዱ አባባ ጋ ተሰበሰበ። በሬው ታርዶ፣ የቆጮው ሙቹዋ ቀርቦ፣ ልጆቹ ለምርቃት አንገታቸውን ደፍተው ተንበረከኩ። አባባ እጃቸውን ከጉልበታቸው ላይ አላነሡም። «ዘንድሮ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ» አሉ። ልጆቹ ተንበርክከው ቀሩ። ትንሿ ልጄ ቀና ብላ «አባባ፣ እኛ ምን አጠፋን?» አለቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከገጠር ከቦምቤ ደብተሬን በፌስታል ይዤ ስመጣ ቤታቸው ያስገቡኝ፣ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ በእጃቸው ሌላ ምንም አልነበረም፣ ያለቻቸው ያች አፍ ነበረች። እሷን ወሰድኩባቸው።

ከስብሰባው ወዲህ ከረባቱን አላሰርኩትም፣ ከእንግዲህም አላስረውም።

ሚልክያስ



ከእንግሊዝ አገር፣ ኅዳር 5 ቀን 2002 ዓ.ም.

ሚልክያስ፤

ሰላም ላንተም ይሁን፤ ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ተናድጄብሃለሁ። ስትጽፍልኝ ግን ፈራሁ ስላልክ የቀረውን አንብቤዋለሁ። ሌላ ሰበብ ብትሰጠኝ እስከ መጨረሻው አልደርስም ነበር።

የእኔንም ድርሻ ልውሰድ። አንተ በስሜ ስትዋሽ የተጠቀምክበት ውሸት የእኔው ነው። አባባ ኃላፊ ናት ሲሉ ዝም ባልል ኖሮ ፋንታዬ «ወንበር ደርዳሪዋ ምን ታውቃለች» ብላ ትናገር ነበር። ስለዚህ ይህን ለአባባ ይነበብላቸው። እሺ ካሉህ አንተ አንብብ፣ እንቢ ካሉ የፋንታዬ ልጅ ታንብብ። አባባ፣ እኔ እዚህ ኃላፊ አይደለሁም። ወንበር እደረድራለሁ፣ ሻይ አቀርባለሁ፣ ሰው ሲሄድ እጠርጋለሁ። ስላልነገርኩዎት ይቅር ይበሉኝ።

የሱቁ ውሳኔም ወጣ፤ ተፈቀደለት። የእንቁራሪቱ ሽማግሌ አዳራሹ ደጅ አገኙኝና ውሳኔውን አሳዩኝ፤ ያሉት ሁሉ ተጽፏል፣ ሰውዬው ለምን እንዳልተቀበለውም ተጽፏል። ተናደዋል። ግን ቀና ብለው ነው የሄዱት። እዚህም ሜዳ ይወሰዳል፣ ሚልክያስ። ሰው ግን እንደ ቆመ አይቀርም።

አሁን አጥሩን የሚያፈርስ የለም፣ አውቃለሁ። አባባን ግን በደብዳቤ ይቅርታ እንዳትጠይቅ። ሽማግሌ ይዘህ በእግርህ ሂድ።

ብሩክታይት



ሶዶ፣ ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም.

ለእህቴ ለብሩክታይት፤

እግዚአብሔር ጤናሽን ይጠብቅልኝ። ያልሽውን አደረግሁ፤ ከሆነው ሁሉ ደግሞ ያልጠበቅሁት ይበዛል።

አንጁሎንና የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አቶ ሻንቆን ይዤ፣ እንደ ወጉ እርጥብ ሳር በእጄ ጨብጬ አባባ ደጅ ተንበረከክሁ። አባባ ሳሩን ዳበሱት። «ይሄን ከየት ነው የነጨኸው?» አሉኝ። ከትምህርት ቤቱ ኳስ ሜዳ አልኳቸው። «የእርቅ ሳር ከዱቡሻ ነው የሚነጨው፤ እርቅም የሚቀመጠው ዱቡሻ ላይ ነው። እኔ ሌላ ቦታ አላውቅም» አሉ። አቶ ሻንቆ «አባባ፣ ዱቡሻው እኮ ታጥሯል» ቢሏቸው «ማን እንዳጠረው እሱን ጠይቁት» አሉ። 

ተነሥተው ዱላቸውን ያዙ። ተከተልናቸው። በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ባዳቾ ይባላል። «አቶ ሚልክያስ፣ ከቢሮ ፈቃድ ያልያዘ አይግባ ብለው የነገሩኝ እርስዎ ነዎት እኮ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እኔ ነኝ የነገርኩት። አባባ እጃቸውን በቆርቆሮው መገጣጠሚያ አሾልከው ሳር ፈለጉ። ማሽኑ ጠርጎታል። እጃቸው ቀይ አፈር ይዞ ተመለሰ። አፈሩን ሳያራግፉ ከአጥሩ ውጭ፣ ከመንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«እንግዲያው እዚህ ይሁን» አሉ። «ከመታረቃችን በፊት ግን ያን ቀን ያልተነገረው ይነገር። ሚልክያስ፣ ተቀመጥና ስማ። ፋንታዬን ጥሯት።»

እትዬ ፋንታዬ እጇ ሊጥ እንደያዘ መጣች። መንገደኛው እየቆመ፣ ሚኒባሱ አቧራ እያለበሰን፣ ቆማ ተናገረች። ስለ ባሏ ለቅሶ፣ ስለ ሽማግሎቹ፣ ዱቡሻው ላይ ሆና ያለቀሰችውንም የሳቀችውንም። ድምፅዋ ሲቆም አባባ ምን አሏት መሰለሽ? «ጨርሰሻል?» አሏት። ያንቺ ደብዳቤ! «አልጨረስኩም» አለች። «ቀጥዪ» አሏት። እኔ አንገቴን ደፍቼ አለቀስሁ። የእሷን ነገር ባማርኛ የሚፈልግ መሐንዲስ እዚያ አልነበረም። ከቢሮው ሰው የምሰማት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሲመሽ አቶ ሻንቆ «እንግዲህ ይመርቁንና እንበተን» አሏቸው። አባባ «ሁሉም አልጨረሰም» ብለው ተነሡ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አጥሩ ሥር እንቀመጣለን። ተበላ ገበያ የሚወጡት ነጋዴዎች፣ ሥራ የፈታ፣ ልቡ የሞላ ሁሉ ይመጣል። ሆቴሉ ከኋላችን አንደኛ ፎቁ ወጥቷል፤ ሲሚንቶው ይራገፍብናል። ኃላፊዬ ይህን ሰምቶ አስጠራኝና «ምንድነው የምታደርጉት?» አለኝ። «የሕዝብ ውይይት ነው» አልኩት። ከዚያ በፊት እንዲህ መልሼለት አላውቅም። ምን እንደሚያደርገኝ ገና አልታወቀም።

ያንቺን ደብዳቤ የፋንታዬ ልጅ አነበበችላቸው፤ እኔን ገና አላስነበቡኝም። ወንበር መደርደርሽን ሲሰሙ ሳቁ። ከሰኔ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ነው። «እኛስ ድንጋይ ላይ የምንቀመጠው ደርዳሪ አጥተን ነው?» አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ሚልክያስ ይደርድር» አሉ።

እኔ እደረድራለሁ፣ እታለም። አግዳሚዎቹን ከቤተ ክርስቲያን በትከሻዬ አመጣለሁ፣ ሲያልቅም እመልሳለሁ። ባለፈው እሑድ ተራው የእኔ ሆነ። ተነሥቼ ለአንቺ የጻፍኩትን ሁሉ በእነሱ ፊት ተናገርሁ፤ ስለ ግምገማው፣ ስለ ፍርሃቴ፣ የአባባን የተዘረጋ እጅ እንዴት እንደተጠቀምኩበት። ቃል ሲያጥረኝ ቆምኩ። አባባ ዓይናቸው አጥርቶ ባያየኝም ፊታቸውን ወደ ድምፄ አድርገው «ጨርሰሃል?» አሉኝ።

«አልጨረስኩም» አልኳቸው።

«እንግዲያው የሚቀጥለው እሑድም ያንተ ነው» አሉኝ።

ሚልክያስ